መብራት ሲጠፋ ውኃውን ማን ያወጣዋል?

በአርቦዬ አካባቢ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች በዘማች ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውኃ ነው። ስለሚጠጣው ውኃ አይደለም። ሳይጠሩት ቤት ስለሚገባው ውኃ ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ዘማቾች አምስት ነን። ፊደል እናስቆጥራችኋለን፤ እናንተ ደግሞ እርሻ ታስተምሩናላችሁ። ዛሬ የምንነግራችሁ እናንተን ለመምከር ብቻ አይደለም። የራሳችንን ጥፋት ለመናገርም ጭምር ነው። ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ካልተናገረ ሌላው እንደገና ያጠፋዋልና።

ነገሩ የማኅበሩ መጋዘን ነገር ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቤቱ የተሠራው ተዳፋት ላይ ነው። የፊቱ በር ከሜዳው ጋር እኩል ነው። የኋላው ክፍል ግን ኮረብታው ተቆፍሮ ስለተሠራ ምድር ቤት ሆኗል። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር ነው። በክረምት ከግድግዳው ሥር ውኃ ይመነጫል። ስለዚህ በወለሉ ጥግ ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ። የጉድጓዱ ርዝመት 1 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ውኃው እዚያ ይጠራቀማል። በውስጡ አንድ የመብራት ፓምፕ ተቀምጧል። ፓምፑ ተንሳፋፊ አለው። ውኃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይላል፤ ሞተሩም ይነሣል። ውኃው ሲጎድል ተንሳፋፊው ዝቅ ይላል፤ ሞተሩም ይቆማል። ሰው አያስፈልገውም። እኛም በዚህ ተመካን።

ያች ሌሊት

በነሐሴ ወር አንድ ምሽት ዝናብ ከነጎድጓድ ጋር ወረደ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሞተሩም ዝም አለ። እኛ ከመጋዘኑ አጠገብ ባለው ክፍል ነበርን። «መብራት አሁን ይመጣል» ተባባልንና ተኛን።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ዘበኛው በሩን ደበደበ። ተነሥተን በፋኖስ ስናይ ጉድጓዱ ሞልቶ ፈሷል። በወለሉ ላይ ውኃው ሦስት ጣት ያህል ቆሟል። በክፍሉ ውስጥ ለዘር የተቀመጠ 40 ጆንያ ስንዴ ነበር። ከታች የተደረደሩት 10 ጆንያዎች ውኃ ጠጥተዋል።

ሰው ተጠራ። እናንተም ጨለማውንና ዝናቡን ሳትሉ መጣችሁ። አንድ ወንድማችን አትክልት የሚያጠጣበትን የቤንዚን ሞተር ተሸክሞ ደረሰ። ግን የሞተሩ ቱቦ አጭር ሆነ። ከውጭ ሆኖ ጉድጓዱ ድረስ አይደርስም። ያን ጊዜ እኛ ምን አልን? «ሞተሩን ወደ ውስጥ አውርዱት!» አልን። የተማርን እኛ ነን ያልነው። እናንተም አመናችሁን።

ሞተሩ በምድር ቤቱ ውስጥ ተነሣ። ውኃው መውጣት ሲጀምር ደስ አለን። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩን የያዘው ወጣት «ራሴን አመመኝ» አለ። ወዲያው ጉልበቱ ከዳው። በበሩ ላይ የቆሙ አንድ አባት «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ቤቱ ታፍኗል!» ብለው ጮኹ። ወጣቱ ለበሩ ቅርብ ስለነበር እጁን ጎትተን አወጣነው። ሞተሩ ጠፋ። ልጁም በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ።

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዛሬ እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል። ግን ጥቂት ደቂቃ ዘግይተን ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንሰበሰበው ለንግግር ሳይሆን ለለቅሶ ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን አንድ በአንድ እንንገራችሁ።

የሞተር ጭስ ለምን ይገድላል?

ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ሰው ሲተነፍሰው ደሙ ውስጥ ይገባል። ደም ንጹሕ አየር ለመሸከም የሚጠቀምበትን ቦታ ይይዝበታል። ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያስመልሳል። ቀጥሎ ጉልበት ይከዳል። ከዚያ በኋላ ሰው ራሱን አያውቅም።

በር ከፍቶ ማሠራት አይበቃም። ስለዚህ የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተር፣ ጄኔሬተርም ቢሆን፣ በቤት ውስጥ፣ በምድር ቤት፣ በውኃ ጉድጓድ ውስጥ በፍጹም አይነሣም። ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይቀመጣል። ቱቦው ካጠረ ቱቦው ይቀጠል እንጂ ሞተሩ አይውረድ።

በዚሁ ላይ ስለ እህል ጉድጓድም አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። በጉድጓድ የተከማቸ እህል ይተነፍሳል። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጥሩ አየር ይጨርሳል። ክዳኑ እንደተነሣ ወዲያው የሚገባ ሰው ሊወድቅ ይችላል። እሱን ለማውጣት የሚገባው ሁለተኛው ሰውም ይወድቃል። ስለዚህ ጉድጓዱ ተከፍቶ ይናፈስ። ማንም ብቻውን አይግባ። የሚገባውም በገመድ ይታሰር፤ ገመዱን የሚይዙ ሁለት ሰዎች ከላይ ይቁሙ። አንዳንድ ሰው ኩራዝ አውርዶ ይሞክራል። ኩራዙ ከጠፋ አየር እንደሌለ ያሳያል። ነገር ግን ኩራዙ ስላልጠፋ ደኅና ነው ማለት አይደለም። የሞተር ጭስ ባለበት ኩራዙ እየበራ ሰው ይሞታል። ቤንዚን ባለበት ደግሞ ኩራዙ ራሱ እሳት ያስነሣል።

ውኃው ከየት ይመጣል?

የአካባቢያችን ጥቁር ኮትቻ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል። አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ስንጥቁም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ውኃ አይሰርግም፤ ከላይ ይተኛል። በቤት ግድግዳ ዙሪያ ግን አፈሩ ተቆፍሮ የተመለሰ ስለሆነ ልል ነው። ውኃው እዚያ እንደ ገንዳ ይጠራቀማል። ቆይቶ በግድግዳው ሥር ወደ ውስጥ ይገባል።

ጣሪያውስ? የጣሪያው ስፋት 100 ካሬ ሜትር ነው እንበል። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ 1,000 ሊትር ነው። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ሲለካ 50 ጀሪካን ይሆናል። አሸንዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ውኃ በግድግዳው ሥር ይወድቃል። እኛ በፓምፕ የምናወጣው እኮ ራሳችን ያስገባነውን ውኃ ነበር!

መብራት የሚጠፋው መቼ ነው?

ልብ በሉ። ነፋስ ዛፍ የሚጥለውና ምሰሶ የሚያጋድለው፣ መብረቅ መስመር የሚመታው በከባድ ዝናብ ጊዜ ነው። ጉድጓዱ የሚሞላውም በከባድ ዝናብ ጊዜ ነው። ስለዚህ ፓምፑ የሚያንቀላፋው ሥራ በበዛበት ሌሊት ነው። «መብራት ሲመጣ ያወጣዋል» ማለት «ዘበኛው ሌባው ከሄደ በኋላ ይነቃል» እንደ ማለት ነው።

ቁጥር የተማረ ይለካ

ቁጥር ተምራችኋል። እንግዲህ ሥራ ላይ እናውለው። ጉድጓዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከሆነ ውኃው 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር 10 ሊትር ገባ ማለት ነው። በአንድ ቀጥ ያለ ዱላ ላይ በየሳንቲ ሜትሩ ምልክት እናድርግ። ዱላውን እናቁም። ሰዓት ይዘን እንመልከት።

ያች ሌሊት ከሄደች በኋላ በከባድ ዝናብ ለካን። ውኃው በ1 ደቂቃ 1 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በ80 ደቂቃ፣ ማለት በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሞላል። እኛ ግን የተኛነው 3 ሰዓት ነው። 3 ሰዓት 180 ደቂቃ ነው። የገባው ውኃ 1,800 ሊትር ነው። ጉድጓዱ የያዘው 800 ሊትር ነው። የቀረው 1,000 ሊትር በወለሉ ላይ ፈሰሰ። ወለሉ 20 ካሬ ሜትር ስለሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ቆመ። ይኸውላችሁ ሦስቱ ጣት!

ግን ደግሞ ሌላውን ተመልከቱ። በደቂቃ 10 ሊትር ማለት በደቂቃ አንድ ባልዲ ነው። ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ በየደቂቃው አንድ ባልዲ ቢያወጡ ውኃው ወለሉን አይነካም ነበር። ዘሩን ለማዳን የጎደለን ሞተር አልነበረም፤ የጎደለን ነቅቶ የሚጠብቅ ሰውና ሁለት ባልዲ ነበር።

አንዲት እናት የጠየቁን ጥያቄ

በማግስቱ ስብሰባ ተደረገ። እኛ ስለ ጄኔሬተርና ስለ ባትሪ እንከራከር ነበር። አንዲት እናት ከኋላ ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ እናንተ የምትደክሙት ውኃውን ሽቅብ ለማውጣት ነው። ውኃ ቁልቁል ለመውረድ እኮ መብራት አይጠይቅም። እዚያ ከቤቱ በታች ያለው ረግረግ ከወለሉ ዝቅ አይልም እንዴ?»

ሁላችንም ዝም አልን። አንድ ግንበኛ የውኃ ልክ አመጣ። በሁለት በኩል ክፍት የሆነ፣ ውስጡ የሚታይ ረጅም ቱቦ ነው። ውኃ ሲሞሉት በሁለቱም ጫፍ ያለው ውኃ እኩል ይቆማል። በዚህ ለካን። ከመጋዘኑ 40 ሜትር ርቆ ያለው መሬት ከመጋዘኑ ወለል 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ጉድጓዱ 80 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል። ቦዩ በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ ቢደረግ ለ40 ሜትር 40 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። 80 ሲደመር 40፣ 120 ነው። መሬቱ የሚዘቀዝቀው 130 ነው። ይበቃል! 10 ሳንቲ ሜትርም ይተርፋል።

በደቦ ተቆፈረ። በግድግዳው ሥር ስናልፍ መሠረቱ እንዳይላላ ግንበኛውን እየጠየቅን በጠባቡ ቆፈርን። ቱቦ ተቀበረ፤ በዙሪያው ጠጠር ተደረገ፤ አፈር ተመለሰ። አይጥና እባብ እንዳይገባ በታችኛው አፍ ላይ ሽቦ ተደረገ። የሚወጣው ውኃ የሰው ማሳ እንዳያበላሽ ከጎረቤት ጋር ተማክረን ወደ ወራጁ ቀላቀልነው። አሁን ጉድጓዱ በራሱ ይፈሳል። ፓምፑ ተጠባባቂ ሆኗል።

ሁሉም ቦታ ተዳፋት አይደለም

መሬቱ ሜዳ የሆነበት ሰው ግን ምን ያድርግ? ነገሩን በቅደም ተከተል ይያዘው።

አንደኛ፣ ውኃው እንዳይደርስ መከላከል። ከሰኔ በፊት በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር። ጣሪያው አሸንዳ ይኑረው፤ ውኃውም ርቆ ይፍሰስ። በግድግዳው ሥር አፈሩ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ።

ሁለተኛ፣ ዕቃውን ከወለል ማንሣት። ጆንያ በባዶ ወለል ላይ አይቀመጥ። በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር። ርብራቡ የአንድ ክንድ ግማሽ ያህል ከፍ ቢል ያች ሌሊት አንድ ጆንያም ባልረጠበ ነበር።

ሦስተኛ፣ በእጅና በእግር ማውጣት። ባልዲና ገመድ ምንጊዜም ከጉድጓዱ አጠገብ ይኑር። ባለ ገመድ ፓምፕ ወይም በእግር የሚረገጥ ፓምፕ ቢገኝ ደግሞ ድካም ይቀንሳል።

አራተኛ፣ የቤንዚን ሞተር። ከላይ እንዳልነው ውጭ ይቀመጣል። አንድ ነገር ግን እወቁ። ከላይ ሆኖ የሚስብ ሞተር ከብዙ ጥልቀት መሳብ አይችልም። ውኃውን በቱቦው ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። በባሕር ዳርቻ ይህ ክብደት ውኃን 10 ሜትር ያህል ያነሣል። አሰላ ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ 8 ሜትርም አይሞላም። በሥራ ላይ ከ6 ሜትር በላይ ባናስብ ይሻላል። ጉድጓዱ ከዚያ ከጠለቀ በውኃው ውስጥ የሚቀመጥ የመብራት ፓምፕ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ባትሪ። 12 ቮልት፣ 70 አምፔር ሰዓት የሆነ የመኪና ባትሪ ብንወስድ 12 ጊዜ 70፣ 840 ዋት ሰዓት ነው። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ እንጠቀም፤ 420 ይሆናል። 300 ዋት የሚወስድ ፓምፕ፣ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ፣ 1 ሰዓት ያህል ይሠራበታል። «1 ሰዓትማ ምን ይረባል?» ትሉ ይሆናል። ፓምፑ በደቂቃ 100 ሊትር ያወጣል እንበል። በሰዓት የሚገባው 600 ሊትር ከሆነ ፓምፑ በሰዓት የሚሠራው 6 ደቂቃ ብቻ ነው። 60 ደቂቃ ለ6 ሲካፈል 10 ነው። ስለዚህ አንድ ባትሪ 10 ሰዓት፣ ማለት ሌሊቱን ሊያሳልፍ ይችላል። ነገር ግን ሞተር ሲነሣ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ይስባል፤ ስለዚህ የባትሪውን ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተር ከሞተሩ በእጅጉ የሚበልጥ መሆን አለበት። ባትሪው ደግሞ ከዝናቡ በፊት ይሞላ። በጸሐይ ኃይል መሙላት ይቻላል፤ ጸሐይ ግን ሌሊት የለችም፤ በክረምትም ደመና ይሸፍናታል።

ከመብራት ጋር አትጫወቱ

ወለሉ ውኃ ይዞ፣ ገመዱ ውኃ ውስጥ እያለ አትግቡ። መጀመሪያ ከውጭ መብራቱን አጥፉ። መብራት ሲጠፋ የፓምፑን መሰኪያ ንቀሉ። ሲመለስ ኃይሉ ዘሎ ሊመጣና ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ጄኔሬተርን ደግሞ በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር አታገናኙ። ኃይሉ ወደ ምሰሶው ይሄዳል። «መብራት የለም» ብሎ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል።

ክረምት ከመግባቱ በፊት በጉድጓዱ ውስጥ ጥቂት ባልዲ ውኃ ጨምሩ። ተንሳፋፊው ይነሣል ወይ? ሞተሩ ይዞራል ወይ? ውኃው ተመልሶ ይመጣል ወይ? ጭቃውን ጥረጉ። ሞተር ያለ ውኃ አይዙር፤ ይቃጠላልና።

የኛ ችግር ብቻ አይደለም

ወገኖቻችን፤ ከመሬት በታች ያለ ውኃ የሰው ሁሉ ጠላት ነበር። ቶማስ ኒውኮመን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1712 በእንግሊዝ አገር የእንፋሎት ሞተር አቆመ። ያ ሞተር ባቡር አልጎተተም፤ ልብስ አልሸመነም። የመጀመሪያ ሥራው ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ ማውጣት ነበር። የሆላንድ ሕዝብ ደግሞ ሩብ ያህሉ መሬቱ ከባሕር ወለል በታች ነው። በነፋስ ወፍጮ ለብዙ መቶ ዓመታት ውኃ ሲያወጣ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1953 በማዕበል ግድቡ ሲሰበር ከ1,800 ሰው በላይ ሞተበት። ከዚያም ግድቡን አጠንክሮ ሠራ። 

በኛ አገር እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ዙሪያ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ አዳርሷል። አርሲ የስንዴ አገር እንድትባል ብዙ ተደክሟል። ዘሩን ካገኙ በኋላ ማስረጠብ ግን ያንን ድካም ውኃ ማስበላት ነው።

ስለ ረጠበው ስንዴም እንጨርስ። ደመናው ስላልገለጠ በሦስተኛው ቀን ነው ጸሐይ ያገኘው። ከዚያ መቶ ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልን። በሳምንቱ ስንፈታው የበቀለው 38 ብቻ ነው። ካልረጠበው ጆንያ መቶ ፍሬ ብንወስድ 94 በቀለ። ስለዚህ 10ሩ ጆንያ ለዘር አልሆነም። ማኅበሩ ሌላ ዘር መፈለግ ግድ ሆነበት። መቶ ፍሬ ቆጥሮ መሞከርን ግን ከዚህ ተማርን። እናንተም ከመዝራታችሁ በፊት ሞክሩ።

አሁን በመጋዘኑ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በየሌሊቱ የሚጠብቁት ሰዎች ስም ተጽፎበታል። ስሙን የጻፍነው እኛ አይደለንም። አምና ስማቸውን መጻፍ የማይችሉ ሰዎች በገዛ እጃቸው ጻፉት። ከነሱም አንደኛው ያ በጭስ የወደቀው ወንድማችን ነው። እኛም አምስታችን ተራ ገብተናል። ዛሬ ማታ ተረኛው የኛ ጓደኛ ነው፤ ዱላውን፣ ባልዲውንና ፋኖሱን ይዞ ይጠብቃል።



ጥያቄዎች

1. የቤንዚን ሞተር በምድር ቤት ውስጥ ለምን አይነሣም?
2. መብራት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ጉድጓዱ በሚሞላበት ጊዜ የሆነው ለምንድን ነው?
3. ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር በሆነ ጉድጓድ ውኃው በ1 ሰዓት 6 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ስንት ሊትር ገባ? 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ስንት ይሆናል?
4. እናትየዋ ያሉት ምን ነበር? በናንተ ቤት ዙሪያ ውኃው ቁልቁል የሚሄድበት ቦታ የት ነው?
5. ለዘር ካስቀመጣችሁት እህል መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። በሳምንቱ ስንት በቀለ? ቁጥሩን ጻፉ።